ስለ ዘመናዊ እርሻ በሚሠሩ ዶክመንተሪዎች ውስጥ ገበሬው የት አለ?

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በልማት ሠራተኝነት፣ ኋላም በወረዳ የግብርና ባለሙያነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ፣ አሁን አራት ኪሎ ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት ሳነብ አስተያየት ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ስለ ዘመናዊ እርሻ የተሠራ ዶክመንተሪ ፊልም አይቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ያደረብኝ ቅሬታ እስካሁን አልለቀኝ ስላለ ነው። ቅሬታዬ በአንድ ፊልም ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእናንተንም የአንባቢንም ጊዜ አልወስድም ነበር፤ ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በቴሌቪዥንም ሆነ በአዳራሽ ካየኋቸው የዚህ ዓይነት ሥራዎች አብዛኞቹ በአንድ ቅርጽ የተሠሩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ፊልሙ የሚጀምረው በድሮን ከሰማይ በተነሣ ምስል ነው። ዓይን እስከሚደርስበት የተዘረጋ የደረሰ ስንዴ፣ በመካከሉ ተሰልፈው የሚጓዙ ኮምባይነሮች፣ ከበስተጀርባ ከፍ ያለ ሙዚቃ፣ ከዚያም ስለ ኩንታልና ስለ ሄክታር የሚያወራ የተራኪ ድምፅ ይከተላል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ገበሬዎች አራት ጊዜ ብቻ ብቅ አሉ፤ ቆጥሬአለሁ። ሦስቱ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ተጠቃሚ ሆነናል»። አራተኛው በኦሮምኛ ረዘም አድርጎ መናገር ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርስ የተራኪው ድምፅ ከላይ ተጭኖበት፣ ሰውዬው አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ እያየነው አለፈ። ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ለጓደኛው «እንዲህ ከሆነማ ገበሬ መሆን ይሻላል» አለው። በቅንነት ነው ያለው፤ እኔንም ያሳሰበኝ ቅንነቱ ነው።

ፊልሙ ዋሸ ማለቴ አይደለም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች በኩታ ገጠም እየታረሱ ኮምባይነር እንደሚገባባቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምርት መጨመሩንም አውቃለሁ፤ የሥራ ዘመኔን በሙሉ የደከምኩት ለዚሁ ነበርና በክፉ ዓይን አላየውም። የምለው ሌላ ነው። ፊልሙ ማሳውን አሳየን እንጂ ገበሬውን አላሳየንም። «ተጠቃሚ ሆነናል» የሚለው ቃል ራሱ የገበሬ ቃል አይደለም። ገበሬ በወጉ ሲናገር «ዘንድሮ እህሉ ሰጠኝ»፣ «ማሳው ፊቱን አዞረብኝ»፣ «ከዕዳ ወጣሁ»፣ «ልጄን ዳርኩ» ይላል። «ተጠቃሚ»፣ «ምርትና ምርታማነት»፣ «ግብዓት» የሚሉትን ቃላት ያስተማርነው እኛ ነን፤ በስብሰባ ላይ ደጋግመን ስንላቸው ይዘዋቸው፣ ካሜራ በመጣ ጊዜ መልሰው ይሰጡናል። ማይክ የተደቀነበት ገበሬ፣ ከጎኑ የቀበሌው ሊቀ መንበርና የልማት ሠራተኛው ቆመው ሳለ፣ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ይህን የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ምንጃር ውስጥ እሠራበት ወደ ነበረው ቀበሌ አንድ የፊልም ቡድን መጣ። ስሙን አልጠራም። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውና በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በዚያን ጊዜ በአካባቢው በሰፊው መያዝ የጀመረበት ወቅት ነበርና፣ ቡድኑ «በቁንጮ የተለወጠ አርሶ አደር» አሳዩን አለ። እኔም ካሉት ማሳዎች ሁሉ ያማረውን መረጥኩላቸው። ማሳው ሦስት ጥማድ፣ ማለትም የሄክታር ሦስት አራተኛ፣ ሲሆን፣ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የተመዘገበው በቀበሌው ሱቅ ያለው ሰው ነው። ያረሰው፣ የዘራው፣ ያረመው፣ ያጨደውና የወቃው ግን ሰውዬው አልነበረም፤ በእኩል የያዙት፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋ፣ አንድ በሬ ብቻ ኖሯቸው ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ የሚያርሱ አባት ነበሩ።

ቡድኑ የደረሰው ጤፉ ከተወቃ በኋላ በመሆኑ፣ አውድማው ላይ የቀረው ጭድ እንደገና በመንሽ እየተነሣ እንዲበተን ተደረገ። ባለ ደብተሩ ነጭ ጋቢ ለብሶ በምርቱ ክምር አጠገብ ቆመ። አባትየው ደግሞ ከካሜራው ዕይታ ውጪ፣ በሬዎቹን ይዘው እንዲጠብቁ ተነገራቸው። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ቆሜ አይቻለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ምሽት ላይ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ከአባትየው ጋር አውድማው ዳር ተቀመጥን። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከመሄዳቸው በፊት አንደኛው ልጅ ወደ እኔ መጥቶ ስንት ኩንታል ወጣ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አሥራ ሁለት አልኩት። ጻፈና ሄደ። ስንቱ ያንተ ነው ቢለኝ እሱንም እነግረው ነበር።»

እኔም በዚያች ምሽት ጠየቅኋቸው። ከ12ቱ ኩንታል ስድስቱ የባለ መሬቱ ነው። ከራሳቸው ስድስት ኩንታል ለማዳበሪያ የተበደሩትን ለመክፈል ሁለቱን በአጨዳ ሰሞን ዋጋ፣ ማለትም እህል በሚረክስበት ጊዜ፣ ይሸጣሉ። አንዱ ባለፈው ክረምት ከዘመድ የተበደሩትን ለመመለስ ይሄዳል። ግማሽ ኩንታል ለዘር ይቀመጣል። ለሰባት ቤተሰብ እስከሚቀጥለው ኅዳር የሚቀረው ሁለት ተኩል ኩንታል ጤፍ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ማሽላና ሽምብራ ነበራቸው። ጭዱም እንደ እህሉ እኩል ይካፈላል። በፊልሙ ግን ምርቱ «በሄክታር 16 ኩንታል» ተብሎ ተነገረ፤ ስሌቱ ልክ ነው፣ 12ቱን ኩንታል ለሦስት ጥማድ ስናካፍለው የሚመጣው ያው ነው። በእውነተኛ ቁጥር የአንድን ሰው ኑሮ መሰወር እንደሚቻል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለ እኩል አራሾች የሚሠራ ዶክመንተሪ ለምን አይኖርም? ይህ ጥያቄ ለአዲስ አበባ ሰው፣ ይልቁንም ለአራት ኪሎ ነዋሪ፣ ባዕድ ሊሆን አይገባም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የተሰለፉት በእነዚሁ በምንመላለስባቸው መንገዶች ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በአዋጅ ሲታወጅም ከተማው በደስታ ተጥለቅልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሬት ድልድል ካለፈ በኋላ የተወለዱ ልጆች አድገው፣ አግብተው፣ ወላጆች ሆነዋል፤ ብዙዎቹ በስማቸው የተመዘገበ አንድ ጥማድ እንኳ የላቸውም። የሚያርሱት የአባታቸውን ቁራሽ ተካፍለው ወይም የሌላ ሰው መሬት በእኩል፣ በሲሶ ወይም በኪራይ ይዘው ነው። መሬት ሰጪዋም ብዙ ጊዜ ሀብታም አይደለችም፤ ሞፈር መጨበጥ በባህል የተከለከለባት ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ናት። ደብተሩ በስሟ ነው፤ በሬና የሚያርስ ሰው ግን ስለሌላት ከምርቷ ግማሹ ይሄዳል። ዛሬ በገጠር ያለው ትልቁ የእርሻ ታሪክ በእኔ ግምት ይህ ነው፤ ከድሮን ላይ ግን አይታይም።

ስለ ድሮኑ ትንሽ ልጨምር። ካሜራው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ወሰን ነው። ኩታ ገጠም ከሰማይ ሲታይ አንድ ሰፊ ማሳ ይመስላል፤ በመሬት ላይ ግን የስድሳና የሰባ ሰው ይዞታ ነው። አንዱ ማዳበሪያውን በጥሬ ገንዘብ የገዛ፣ ሌላው በብድር የወሰደ፣ ሌላው መሬቱን ያከራየና ከተማ የገባ፣ ሌላዋ ጤፍ መዝራት ፈልጋ ጎረቤት ሁሉ ስንዴ ስለዘራ አብራ ስንዴ የዘራች ናት። እነዚህ ሰዎች አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ቀን ለመዝራት እንዴት ተስማሙ? ማን አግባባቸው? ማን አልስማማም አለ፣ ምንስ ሆነ? እኔ በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ አንዱን ስብሰባ ሙሉ ለሙሉ የቀረጸ ሰው ቢኖር ኖሮ ከየትኛውም የድራማ ፊልም ባልተናነሰ ተመልካች ይይዝ ነበር።

ዶክመንተሪዎቻችን እንዲህ ወደ ጥጋብ ምስል ብቻ ያዘነበሉበት ምክንያት እንዳለ እረዳለሁ። የኢትዮጵያ ገበሬ በዓለም ፊት የታወቀው በረሃብ ፊልም ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ደርግም ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አገጣጥሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ፣ በማይክል ቡርክ ድምፅና በሞሐመድ አሚን ካሜራ፣ ዓለምን አስለቀሰ። በእነዚያ ምስሎች ብዙ ሕይወት መትረፉን ማንም አይክድም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያዊ ገበሬ ማለት በዝንብ የተወረረ ልጅ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ሆነ። ትናንት ያረሰ፣ በሬ የመረጠ፣ ዘር ያስቀመጠ፣ ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ከሚስቱ ጋር የመከረ ሰው እንደነበረ አልታየም። የአሁኖቹ ፊልም ሠሪዎቻችን ያንን ምስል ለማጥፋት መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ግን የተራበውን ሰው በጠገበ ሰው ተኩት እንጂ የሚያስበውን ሰው አላመጡልንም። በሁለቱም ፊልሞች ገበሬው ዝም ያለ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ሰው ይናገራል።

ኮምባይነሩንም እንውሰድ፤ በፊልሞቹ ሁሉ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ የሚቀርበው እሱ ነውና። ኮምባይነር ስለሚያመጣው በጎ ነገር ዶክመንተሪዎቹ ከሚነግሩን በላይ መናገር ይቻላል። በኅዳር ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሲያስፈራራ የደረሰ ስንዴ ውሎ ሳያድር መሰብሰብ ማለት የዓመት እንጀራን ማዳን ነው። አንዲት የቤት እመቤት የነገረችኝን ደግሞ አልረሳውም። ድሮ ባሏ ለአጨዳ ደቦ ሲጠራ፣ ለሃያና ለሠላሳ ሰው ጠላ የምትጠምቀውና እንጀራ የምትጋግረው እሷ ነበረች፤ ሳምንት ቀድማ ትጀምራለች፤ ሌሊት ስትጋግር አድራ ቀን ምሳ ተሸክማ ማሳው ድረስ ትሄዳለች። «ኮምባይነሩ ከገባ ወዲህ፣» አለችኝ፣ «በኅዳር እንቅልፍ አለ መሰለህ።» ይህን የመሰለ ምስክርነት በአንድም ዶክመንተሪ አልሰማሁም፤ ሴቶቹ ምጣድ ዳር ወይም የምርት ክምር ላይ ሲስቁ ይታያሉ እንጂ አይጠየቁም።

ሌላም ወገን አለ። በአጨዳ ወራት ከሩቅ አገር ማጭዳቸውን ይዘው እየመጡ በቀን ሂሳብ ያጭዱ የነበሩ ድሆች ኮምባይነር በገባበት ቀበሌ አይፈለጉም። ከአጫጅ በኋላ ቃርሚያ የሚለቅሙ እናቶችም የሚያገኙት እጅግ ያነሰ ነው። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው፣ በአሕጽሮት ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ፣ እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለ ርስቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩና ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ፕሮጀክቱ የታሰበው ለትንንሾቹ ገበሬዎች ነበር። ስለዚህ ስለ ዘመናዊ እርሻ ፊልም የሚሠራ ሰው መሣሪያው ሲገባ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው በመግባቱ ማን እንደወጣም መጠየቅ ይኖርበታል ማለት ትራክተርን መቃወም አይደለም።

የውጭዎቹ ዶክመንተሪዎች ደግሞ በሌላ በኩል ያሳስቱናል። ልጆቼ በስልካቸው የሚያዩአቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ፊልሞች ዘመናዊ እርሻን እንደ መርዝ ፋብሪካ ያሳያሉ፦ በጠባብ ቤት የታጨቁ ዶሮዎች፣ በማዳበሪያ ብዛት የተበከሉ ወንዞችና ሐይቆች፣ በኩባንያ ውል የተተበተበ ገበሬ። ለየአገራቸው ተገቢ ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ያንን አይቶ «የእኛ ገበሬ ማዳበሪያ ባይጠቀም ይሻለው ነበር» ሲል ስሰማ አዝናለሁ። የእኛ ችግር በብዙ ቦታ ተቃራኒው ነው፤ ከምድሪቱ በየዓመቱ የሚወሰደው ከሚመለስላት ይበልጣል፤ ኩበቱም ማሳ ላይ ከመውደቅ ይልቅ ለማገዶ ይነዳል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው፤ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራው ግን ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚያስፈልግና ለማጓጓዝ ከባድ በመሆኑ ለብዙው ገበሬ አይደርሰውም። በ2015 ዓ.ም. የምርት ዘመን ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ ገበሬው ምን ያህል እንደተጨነቀ የሰማ ሰው ነገሩ የምርጫ ጉዳይ እንዳልሆነ ይረዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ገበሬዎቻችን ቱ ፎር ዲ የሚሉትን ፀረ-አረም ያለ አፍ መሸፈኛና ያለ ጓንት፣ ነፋስ እየመለሰባቸው ሲረጩ፣ ባዶውን ዕቃ አጥበው ውኃ ሲይዙበት አይቻለሁ። የውጭ ፊልም ይህን አያውቀውም፤ የእኛ ፊልም ደግሞ ርጭቱን በዝግታ እያንቀሳቀሰ በሙዚቃ አጅቦ እንደ ጌጥ ያሳየዋል።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር አለኝ፤ ምናልባትም ዋናው ይህ ነው። እርሻ የዓመት ሥራ ነው፤ ዶክመንተሪው ግን የሁለት ቀን ነው። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ጤፍን በመስመር መዝራት ትልቅ ዘመቻ እንደነበር አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። በብተና ሲዘራ ለሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ የሚፈጀው ዘር በመስመር ሲሆን አምስት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ቡቃያውም አየርና ብርሃን ያገኛል። እኔም አስተምሬዋለሁ፤ አምኜበት ነው። በየጣቢያው ካሜራ መጥቶ ገመድ ተወጥሮ በመስመር ሲዘራ ቀረጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በእኔ ቀበሌ ብዙው ገበሬ ወደ ብተናው ተመልሶ ነበር። ለምን? የጤፍ ዘር እንደ አሸዋ የደቀቀ ነው፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ አጎንብሶ መስመር ለመስመር ማንጠባጠብ ለአንድ ጥማድ ብቻ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሳምንት ደግሞ ሌላው ሰብል ሁሉ እጅ የሚፈልግበት ሳምንት ነው። ገበሬው ያደረገው ግትርነት ሳይሆን ሂሳብ ነበር። ከቀረጹት ካሜራዎች አንዱ ተመልሶ መጥቶ ይህን ቢጠይቅ ኖሮ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ራሱ ትምህርት በሆነን፤ አንድም አልተመለሰም።

ለአዲስ አበባ ተመልካች የሚሆን ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የምናነደው ከሰል ከየት ይመጣል? ጥቂት የማይባለው ከአዊ፣ በተለይም ከፋግታ ለኮማ ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች መሬታቸው አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ሲላቸው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እንደ ሰብል መትከል ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቆርጡታል፣ ከሰል ያከስሉታል፣ ከዚያም ባረፈው መሬት ላይ ጤፍ ይዘራሉ። ይህ ዘዴ ከቢሮ ተመርቶ የመጣ አይደለም፤ ራሳቸው ገበሬዎቹ ሞክረው ያስፋፉት ነው። በቅርብ ዓመታት ዛፉ በሽታ ገብቶበት ኑሯቸው ተናግቷል። ዘመናዊ እርሻ የሚባለው ኮምባይነር ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ይህ ለዶክመንተሪ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? አትክልት ተራ እስከ 2012 ዓ.ም. ፒያሳ አጠገባችን ሳለ፣ ከመቂ የሚመጣውን ሽንኩርት ከመኪና ሲወርድ በየማለዳው እናየው ነበር። ማሳ ላይ በስንት እንደተሸጠ፣ በስንት ደላላ እጅ እንዳለፈ፣ እዚህ በስንት እንደተቸረቸረ አንድ ጆንያ ተከትሎ ያሳየን ፊልም ግን አላየሁም።

በዚህ ከተማ ካሜራ ለጨበጡ ወጣቶች የምለምነው ብዙ አይደለም። ወደ አንድ ቀበሌ ሲሄዱ ከግምሳ እስከ ውቂያ ባይሆን እንኳ ቢያንስ በሰኔና በኅዳር ሁለት ጊዜ ይሂዱ። ገበሬውን በራሱ ቋንቋ ያናግሩት፤ ኦሮምኛም ይሁን ሲዳምኛ፣ አማርኛም ይሁን ትግርኛ፣ ድምፁን አያጥፉት፤ ትርጉሙን ከሥር ይጻፉልን፣ እኛ አንብበን እንረዳለን። ሲያናግሩትም እኔን የመሰለ የልማት ሠራተኛ ከጎኑ አያቁሙ። የማሳውን ባለቤትና ያረሰውን ሰው ለይተው ይጠይቁ። ሚስትየዋን ለብቻዋ ያናግሯት። ሥራውም ሲያልቅ ወደ ቀበሌው መልሰው ወስደው ያሳዩአቸው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተቀረጸ ገበሬ የተቀረጸውን መልሶ ሲያይ አላጋጠመኝም። ከጋዜጣችሁም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የመድረክ ቴአትርና የፍቅር ፊልም እንደምትገመግሙ ሁሉ ስለ ገጠር የሚሠሩ ዶክመንተሪዎችንም እርሻን በሚያውቅ ሰው ብዕር ገምግሙልን።

በመጨረሻ ባለፈው ነሐሴ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ከቤታችን አጠገብ ባለው ሕንፃ በጥበቃ የሚሠራ፣ ከሞረትና ጅሩ የመጣ ወጣት አለ። በዕረፍት ሰዓቱ ስለ አገሩ እርሻ እንጫወታለን። አንድ ማለዳ ወደ እኔ እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። ወንድሙ ከእነዋሪ አካባቢ የላከለት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ሙዚቃ የለውም፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ዝናብ ያረጠበው የስንዴ ማሳ ውስጥ የሚራመድ ሰው ትንፋሽ ይሰማል። ወንድምየው አጎነበሰና አንድ ቅጠል ያዘ። ወደ ካሜራው አስጠግቶ በጣቱ አሸው፤ ጣቱ ቢጫ ዱቄት ሆነ። «ዋግ ነው መሰለኝ» አለ። ከዚያ ካሜራውን ቀና አድርጎ «ከወንዙ ወዲህ ያለው ገና ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው የነእትዬ ማሳ ግን ተይዟል፤ መድኃኒቱን ብቻዬን ብረጭ ዋጋ የለውም፣ እነሱ ካልረጩ ተመልሶ ይመጣብኛል፤ እነሱ ደግሞ ብር የላቸውም፤ ምን ትላለህ?» አለ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሽታውን፣ ወሰኑን፣ ጎረቤቱን፣ ገንዘቡንና ሐሳቡን አሳየን።

ሳይዘገይ እንዲረጭ፣ ከቻለም መድኃኒቱን ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ገዝተው በአንድ ቀን እንዲረጩ ነገርኩት፤ ወጣቱም ከደመወዙ ላይ ለእትዬ ድርሻ የሚሆነውን ላከ። ያ ቪዲዮ አሁንም በስልኬ ላይ አለ። ስለ ዘመናዊ እርሻ ፊልም ሊሠራ ያሰበ ሰው ካለ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች አስፈቅጄ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ